የአይሮፕላን አብራሪነት ሥራ እንዴት ይመረጣል? ስለ ደመወዝ፣ ስለ አኗኗርና ስለ ዕድገት ለነጋዴ ወላጆች የቀረበ አስተያየት

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የሚያየው የተቈረጠውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የማጓጓዣውን ኪራይ፣ የጉምሩኩን ቀረጥ፣ የመድኑን ክፍያ፣ በመጋዘን የሚቆይበትን ጊዜና ተበላሽቶ የሚጣለውን ሁሉ ደምሮ ከሽያጩ ላይ ካነሣ በኋላ ነው ትርፌ ይህን ያህል ነው ብሎ የሚናገረው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ «የአይሮፕላን አብራሪ ልሆን ነው» ብሎ በመጣ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ደመወዙ ስንት ነው?» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሥራውን ለማሞገስም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። ነጋዴው በሱቁና በመጋዘኑ የለመደውን የሒሳብ አያያዝ ለልጁ የሥራ ምርጫም እንዲያውለው ለማሳሰብ ነው። ጉዳዩ የምክር ቤታችንን አባሎች በሁለት በኩል ይነካል። አንደኛ፣ ለአብራሪነት ትምህርት የሚወጣውን ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍለው ወይም ለተማሪው ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ብዙውን ጊዜ ነጋዴ የሆነ አባት፣ አጎት ወይም ሌላ ዘመድ ነው። ሁለተኛ፣ አበባውንና ሥጋውን በአይሮፕላን የሚልከው ላኪ፣ መድኃኒቱንና መለዋወጫውን በአይሮፕላን የሚያስመጣው አስመጪ፣ ሥራቸው የሚቃናላቸው አብራሪው ዐርፎና ረክቶ ሲሠራ ነው።

የሥራው አመጣጥ ባጭሩ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ባደረገ ጊዜ፣ ሥራው ይካሄድ የነበረው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል በመጡ የውጭ አገር ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አይሮፕላን አዛዥ ለመሆን በቁ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ «የእኛ ልጅ ይህን ሥራ ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ካለቀለት ቆይቷል። የቀረው ጥያቄ «ከማን ዘንድ፣ በምን ውል፣ ለስንት ዘመን ይሥራ?» የሚለው ነው። ይህንንም ጥያቄ በሦስት ሚዛን መመርመር ይቻላል፤ ሦስቱም ደመወዝ፣ አኗኗርና ዕድገት ናቸው።

ስለ ደመወዝ

የአብራሪ ደመወዝ እንደ መሥሪያ ቤት ደመወዝ በወር ተቈርጦ የሚሰጥ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ግን ክፍያው በበረራ ሰዓት የሚታሰብ ሲሆን፣ ሥራ ቢጎድልም የማይቀር አነስተኛ የወር ዋስትና አለው። የበረራ ሰዓት የሚባለውም አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ ጀምሮ እንደገና እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። አብራሪው የአየሩን ጠባይ ሲመረምር፣ ነዳጁን ሲያሰላ፣ መንገደኛ እስኪሳፈር ሲጠብቅና በእንግዳ ከተማ ሆቴል ሲያድር ያለፈው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም፤ ከቤት ውጭ ለዋለበትና ላደረበት የሚታሰብለት በመጠኑ አነስ ያለ አበል ነው። ስለሆነም በወር ለ75 ሰዓት የሚከፈለው ሰው ከቤቱ የሚለይበት ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰዓት ይህን ያህል ይከፈላል ሲባል ለሰማ አባት የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ለማግኘት ስንት ቀንና ስንት ሌሊት ከቤት ይለያል?» የሚል መሆን ይገባዋል።

ከደመወዙ ላይ የሚቀነሱትም ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የትምህርቱ ወጪ ነው። ተማሪው በገዛ ገንዘቡ ወይም በብድር የተማረ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዝ የዕዳ መክፈያ ይሆናል። ፈቃድ ካገኘ በኋላም በአንድ ዓይነት አይሮፕላን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ልዩ ሥልጠና ወጪ አንዳንዱ ኩባንያ ራሱ ሲችል፣ አንዳንዱ ከተቀጣሪው ያስከፍላል። ሁለተኛው ግብር ነው። ሦስተኛው የጤና ዋስትና ሲሆን፣ ይህ በአብራሪ ላይ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ ይከብዳል። ጸሐፊ ዐይኑ ቢደክም መነጽር አድርጎ ይሠራል፤ አብራሪ ግን የጤና ምስክር ወረቀቱን ካጣ ሥራውን አጣ ማለት ነው። በአሜሪካ ደንብ የአየር መንገድ ካፒቴን 40 ዓመት ከሞላው በኋላ በየ6 ወሩ በሐኪም ይመረመራል። ስለዚህ ፈቃዱን በሕመም ያጣ እንደ ሆነ የሚክሰው የመድን ውል መኖር አለመኖሩ የደመወዙ አንድ ክፍል ሆኖ መታየት አለበት።

አራተኛው ጡረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩናይትድ፣ በ2006 ደግሞ ዴልታ የተባሉት የአሜሪካ አየር መንገዶች በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር በነበሩበት ጊዜ የአብራሪዎቻቸው የጡረታ መደብ ተሰርዞ፣ ብዙ አብራሪዎች ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ገንዘብ ተቀንሶባቸዋል። በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ያለው ሥርዓት ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ከደመወዝ ላይ ግብር አይነሣም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም የመኖሪያ ቤትና የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ይችላሉ። የውጭ አገር ሠራተኛ ግን የመንግሥት ጡረታ የለውም። ሕጉ የሚያዘው የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የ30 ቀን ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በዚህ ሒሳብ የ255 ቀን ደመወዝ ያገኛል ማለት ነው፤ ይህም አበሉ ሳይጨመር በመነሻው ደመወዝ ብቻ የሚታሰብ ነው። እንግዲህ በባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራ አብራሪ ከወር ደመወዙ ላይ በገዛ እጁ ጡረታውን ካላስቀመጠ በስተቀር፣ ዛሬ ትርፍ መስሎ የሚታየው ገንዘብ የሽምግልናው ቀለብ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ስለ አኗኗር

የአውሮፓ ደንብ አንድ አብራሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ900 ሰዓት በላይ እንዳይበር ይከለክላል። ይህ ለሳምንት ሲካፈል ከ17 ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ባለ ሱቅ ከጧት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ «ምነው እኔም አብራሪ በሆንኩ!» ይል ይሆናል። ነገር ግን ልፋቱ ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ከሰዓቱ ጠባይ ይመጣል። ዛሬ በሌሊት ተነሥቶ፣ ነገ በቀን ተኝቶ፣ ከነገ ወዲያ ሰዓቱ በ7 ወይም በ8 በሚለይ አገር የሚነቃ ሰው አካሉ ይደክማል። ለአዲስ ተቀጣሪ ደግሞ የተጠባባቂነት ተራ አለ፤ ሌላው ሲታመም ወይም ሲዘገይ ለመተካት ስልኩን አጠገቡ አድርጎ የሚውልበት ቀን ስለሆነ፣ ቤቱ ቢቀመጥም የራሱ ጌታ አይደለም።

አኗኗር እንደየኩባንያው ሥራ ይለያያል። አጭር መንገድ የሚበር ብዙ ጊዜ ማታ ቤቱ ይገባል፤ በቀን ግን ደጋግሞ እየተነሣና እያረፈ ስለሚሠራ ቀኑ ከባድ ነው። ራያንኤር የተባለው የአየርላንድ ኩባንያ አብራሪዎቹን 5 ቀን አሠርቶ 4 ቀን የሚያሳርፍ ሥርዓት ስላለው፣ ትዳርና ልጆች ያሉት ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያውቃል። ነገር ግን ኩባንያው የአጭር መንገድ ኩባንያ በመሆኑ ሰፊውን የረጅም መንገድ አይሮፕላን ለማብረር የሚመኝ ሰው ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ረጅም መንገድ የሚበረው በተቃራኒው በወር የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ከቤቱ ብዙ ቀን ይለያል። የጭነት አይሮፕላን የሚያበረው ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን በሌሊት ይሠራል። ፌዴክስ በሜምፊስ፣ ዩ.ፒ.ኤስ. በሉዊቪል ዕቃውን በሌሊት አሰባስበው ለይተው ከንጋት በፊት የሚበትኑ ናቸው። ከቦሌ ተነሥቶ የቤልጅግ ከተማ ወደ ሆነችው ሊየዥ የሚሄደው አበባም ቢሆን ገበያ ሳያልፍበት እንዲደርስ እንቅልፉን የሚያጣ ሰው አለው።

በአገራችን ልማድ ደግሞ ይህ ነገር ሌላ ክብደት አለው። ሰው የሚኖረው ከዘመዱና ከጎረቤቱ ጋር ነው። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ፣ በሠርግና በለቅሶ የማይገኝ ሰው ምክንያቱ ምንም በቂ ቢሆን ይታማል። ወጣቱ አብራሪ ደግሞ ተራው ዝቅተኛ በመሆኑ ሌሎች የማይፈልጉትን የበዓል ቀን የሚሠራው እርሱ ነው። ቤተ ሰቡ ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው ከብዙ ቅያሜ ይድናል።

አኗኗርና ደመወዝ ተለያይተው የሚታዩ ነገሮች አለመሆናቸውን የሚያስረዳ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ኮልጋን ኤር የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ አይሮፕላን ከኒዋርክ ተነሥቶ ወደ ቡፋሎ ሲሄድ ተከስክሶ፣ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በምድር ላይ በቤቱ የነበረ 1 ሰው፣ በጠቅላላው 50 ሰዎች አለቁ። አይሮፕላኑ በእኛም አገር በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚሠራው የኪው 400 ዓይነት ነበር። ረዳት አብራሪዋ መኖሪያዋ በምዕራቡ ዳር በሲያትል አቅራቢያ፣ የሥራ መነሻዋ በምሥራቁ ዳር በኒዋርክ ስለነበረ፣ ሌሊቱን በጭነት አይሮፕላን ተሳፍራ በሜምፊስ በኩል አገር አቋርጣ ነበር ወደ ሥራዋ የመጣችው። ካፒቴኑም የሚኖረው በሩቁ በፍሎሪዳ ነበር። መርማሪው ቦርድ የአደጋው ምክንያት አይሮፕላኑ የመንሳፈፍ ኃይሉን ሊያጣ መሆኑን ለሚያመለክተው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ አጸፋ ነው ብሎ ሲወስን፣ ድካምም የሁለቱንም ሥራ ሳያጓድል እንዳልቀረ ገልጿል። በምርመራው ጊዜ የትንንሾቹ ኩባንያዎች አብራሪዎች የሚያገኙት ደመወዝ ማነስና ከሥራቸው ርቀው የመኖራቸው ነገር ለሕዝብ ተገልጦ ብዙ ሰው አስደንግጧል።

ከዚህ አደጋ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2010 ሕግ አወጣ። በዚሁ መሠረት ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው መንገድ 1500 የበረራ ሰዓት እንዲኖር ግድ ሆነ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ ከዚህም ውስጥ 8 ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ለመተኛት እንዲችል ታዘዘ። የጭነት አብራሪዎች ግን በዚህ አዲስ የዕረፍት ደንብ አልተካተቱም። ስለዚህ ልጃችሁ የጭነት በረራ ሥራ ሲያገኝ፣ ሕጉ ያልሰጠውን ዕረፍት የኩባንያው ውል ይሰጠው እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ዕድገት

በአሜሪካና በሌሎችም ብዙ አገሮች የአብራሪ ዕድገት የሚወሰነው በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። በተቀጠረበት ቀን አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ከፊቱ ያሉት ጡረታ ሲወጡ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ካፒቴን የሚሆንበት ጊዜ፣ የሚያበረው የአይሮፕላን ዓይነት፣ የሚቀመጥበት ከተማ፣ ዕረፍት የሚወጣበት ወር ሁሉ በዚህ ቁጥር ይወሰናል። ይህ ቁጥር ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይሻገርም። ኢስተርን የተባለው ትልቅ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በጥር 1991፣ ፓን አሜሪካን ደግሞ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሲዘጉ፣ የብዙ ዓመት ካፒቴን የነበሩ ብዙ ሰዎች ሌላ ቦታ ሲቀጠሩ ከወጣቶቹ በታች ከመጨረሻው ተራ ጀምረዋል። ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያውን ኩባንያ ሲመርጥ የሚመርጠው የአንድ ዓመት ደመወዝ ሳይሆን የሠላሳ ዓመት ጎዳና ሊሆን ይችላል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ኩባንያዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ለረዳት አብራሪ በወር 6,000 ዶላር ይከፍላል፤ ካፒቴን የሚሆነው ግን ከ10 ዓመት በኋላ በ11,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው ለረዳት አብራሪ 4,500 ዶላር ይከፍላል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን በ9,000 ዶላር ካፒቴን ያደርገዋል። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጀመሪያው ኩባንያ ሠራተኛ 720,000 ዶላር ሲያገኝ፣ የሁለተኛው 810,000 ዶላር ያገኛል። አነስተኛ ደመወዝ የነበረው በ90,000 ዶላር በለጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የመጀመሪያው በየወሩ 2,000 ዶላር ስለሚበልጥ፣ በ45 ወር ውስጥ ልዩነቱን መልሶ ከዚያ ወዲያ ይቀድማል። እንግዲህ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሰውየው በዚያ የሚቆይበት ዘመን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁለተኛው ኩባንያ በ5 ዓመት አደርግሃለሁ ያለውን በ7 ዓመት ቢያደርገው፣ የ10 ዓመቱ ገቢ 702,000 ዶላር ይሆንና ከመጀመሪያው ያንሳል። የ2 ዓመት መዘግየት ትርፉን ወደ ኪሣራ ለወጠው ማለት ነው። ስለዚህ ቀጣሪው «በቶሎ ካፒቴን ትሆናለህ» ሲል፣ ይህ በውሉ ላይ የተጻፈ ነው ወይስ የአፍ ተስፋ ነው? በቅርብ የተሾሙት ካፒቴኖች በስንት ዓመታቸው ተሾሙ? ለሚመጡት ዓመታት የታዘዙ አይሮፕላኖች አሉ ወይ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ካልተጠየቀ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

የዕድገት በር የሚዘጋውና የሚከፈተው ደግሞ በዓለም ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ አሜሪካ የአብራሪን የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ ባደረገች ጊዜ፣ ከላይ ያሉት 5 ዓመት ስለተጨመረላቸው ከታች ያሉት ባሉበት ቆመው ቀሩ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰማዩን በዘጋው ጊዜ የባሕረ ሰላጤው ትልልቅ አየር መንገዶች ብዙ አብራሪዎችን አሰናበቱ። በዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ሥራውን ያጣው ቤቱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት አብሮ አጣ፤ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የሠራተኛ ማኅበር ስለማይፈቀድም ስለ እርሱ የሚከራከርለት አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያው ጊዜ የብዙ መንገደኛ አይሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ለጭነት በማዋል የመንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ ሳይጠይቅ ክፉውን ዘመን አለፈ። ላኪዎቻችንም ያን ጊዜ ዕቃቸው ሳይቀር መሄዱን ያስታውሳሉ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በአሜሪካ አብራሪ ታጣ፤ ዴልታም በመጋቢት 2023 በጸደቀው ውል ደመወዙን በ4 ዓመት ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ ለመጨመር ተስማማ። አንድ ሥራ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንብትንም የደመወዝ ጭማሪንም የሚያሳይ ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ወሬ ተመርኩዞ መወሰን እንደማይገባ ግልጽ ነው።

ዋስ ሆኖ ከመፈረም በፊት

በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የዋስትና ወረቀት ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የዱቤ ዋስትና ዕዳው በተከፈለ ቀን ያልቃል። የአብራሪ ሥልጠና ዋስትና ግን ብዙውን ጊዜ ከዓመታት የአገልግሎት ግዴታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ልጁ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ዕዳው ወደ ፈራሚው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ከመፈረም በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሕፈት አቅርቦ መልሱን በጽሕፈት መቀበል ይጠቅማል።

1ኛ. የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት ነው? የሚቈጠረውስ ከሥልጠናው መጀመሪያ ነው ወይስ ከሥራው መጀመሪያ?

2ኛ. ልጁ ከማለቁ በፊት ቢለቅ የሚከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው?

3ኛ. ልጁ በፈቃዱ ሳይሆን በሕመም ወይም በሥልጠናው ባለማለፍ ቢቀር ዋሱ ይጠየቃል ወይ?

4ኛ. ከደመወዙ ውስጥ የተረጋገጠው ስንት ነው? በበረራ ብዛት የሚለዋወጠውስ ስንት ነው?

5ኛ. መደበኛ መነሻ ጣቢያው የት ነው? ልጁ በዚያ ከተማ ከነቤተ ሰቡ ለመኖር ይችላል ወይ?

6ኛ. ፈቃዱን በሕመም ቢያጣ ካሣ አለ ወይ? በመሬት ላይ የሚሠራው ሌላ ሥራስ ይሰጠዋል?

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ቀጣሪውን መጠራጠር አይደለም። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ኩባንያ ለሁሉም መልስ አለው፤ መልስ የሌለውም ኩባንያ ዝም በማለቱ ራሱን ያስታውቃል።

የሆነ ሆኖ ከሁሉ በላይ የሚቀድመው የልጁ የራሱ ጠባይ ነው። ለብቻው በእንግዳ ከተማ ማደር የማይከብደው፣ በየጊዜው መመርመርንና መፈተንን የማይጠላ፣ ተራውን በትዕግሥት የሚጠብቅ ወጣት ረጅሙ መንገድ ይስማማዋል። ቤቱን፣ ዘመዱንና ቀጠሮውን የሚወድ ወጣት ደግሞ በአነስተኛ ደመወዝ ማታ ቤቱ የሚያስገባውን በረራ ቢመርጥ ሊነቀፍ አይገባውም። አባት የደመወዙን ቁጥር ብቻ አይቶ አንዱን በሌላው መንገድ ቢገፋው፣ ልጁ ውሉ ሳያልቅ ሥራውን ይጠላል፤ ዋሱም ከፋይ ይሆናል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት አንድ ማታ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሦስቱን ነገር፣ ደመወዙን፣ አኗኗሩንና ዕድገቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ መመርመር ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው እንላለን።